ከተማው መቼ ይደርሳል?

(በተመራቂዎች ማኅበራችን የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



የፕሮግራሙ አዘጋጆች ደውለው «ምን ትነግሪናለሽ?» ሲሉኝ «ስለ ከተማ ወሰን» አልኳቸው። ስልኩ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «ዶክተር፣ ስለ ደም ግፊት ቢሆን አይሻልም?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ እዚህ ከተቀመጥነው ብዙዎቻችን መለካት ያለብን ዕድሜ ላይ ደርሰናል። አትስጉ፣ በዚህ ንግግር ውስጥ የደም ግፊትም አለ።

እኔ ኢንጂነር አይደለሁም፣ የከተማ ፕላን ባለሙያም አይደለሁም። ሐኪም ነኝ። ስለዚህ እንደለመድኩት ከአንድ በሽተኛ ልጀምር።

ከተመረቅሁ በኋላ በዕጣ የደረሰኝ አንድ የክልል ከተማ ነበር። ጠቅላላ ሐኪም ሆኜ ስሠራ፣ በ2001 ዓ.ም.፣ ከሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ጋር ሆነን ከከተማው ዳር ከአንድ አርሶ አደር መሬት ገዛን። ለእኔ 200 ካሬ ደረሰኝ፣ በ18 ሺህ ብር። «ገዛን» እላለሁ እንጂ ሕገ መንግሥቱ መሬት አይሸጥም አይለወጥም ስለሚል ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ብድር ነው። ሦስት እማኞች ፈረሙ፣ ለስላሳ ጠጣን፣ ተለያየን። የዚያን ቀን የተሰማኝን ደስታ እስካሁን አስታውሰዋለሁ። ለእናቴ ደውዬ «ቦታ ያዝኩ» አልኳት፤ እልል አለች።

ቤት ግን አልሠራሁበትም። ለስፔሻሊቲ ትምህርት ሄድኩ፤ አካባቢው በከተማው ፕላን ውስጥ ገባ፤ የእኔ 200 ካሬ ለመንገድ ተቆረጠ። ገንዘቤን እንደጠፋ ቆጥሬ ረሳሁት።

ከአሥር ዓመት በኋላ፣ የውስጥ ደዌ ሐኪም ሆኜ፣ በዚያው ሆስፒታል ለሁለት ወር ላግዝ ተመለስኩ። አንድ ቀን ተመላላሽ ክፍል ስድሳ ዓመት የሆናቸው የሚመስሉ ሰው ገቡ። ግፊታቸው 190 በ110። የተለመደውን እየጠየቅኩ ነው፤ ጨው ያበዛሉ ወይ፣ እንቅልፍ እንዴት ነው፣ ሥራዎ ምንድን ነው።

«ዘበኛ ነኝ» አሉኝ።

«የት ነው አባባ?»

«መሬቴ ላይ።»

ቀና አልኩ። «አላወቅሽኝም እንጂ እኔ አውቄሻለሁ» አሉ፤ በቁጣ አይደለም፣ እንደውም ፈገግ ብለው። መሬታቸውን ለእኛና እንደ እኛ ላሉ ብዙ ሰዎች ቆራርሰው ሸጡት። የቀረው በልማት ተወሰደ። ካሳው ለሁለት ዓመት በላቸው። አሁን በዚያው ቦታ ላይ በቆመ ፎቅ ሌሊት ይጠብቃሉ። መድኃኒታቸውን የሚረሱትም ሌሊት ሠርተው ቀን ስለሚተኙ ነው።

«ለምን ሸጡት ግን?» አልኳቸው። ጥያቄው ከገዢዋ አፍ ሲወጣ እንደሚያሳፍር የገባኝ ከጠየቅኩ በኋላ ነው።

እንዲህ አሉኝ፦ «በየዓመቱ እየመጡ ችካል ይተክላሉ፣ ይሄዳሉ። ልጆች ችካሉን ነቅለው ያነዱታል። እንደሚወሰድ አውቃለሁ። መቼ እንደሆነ ግን የነገረኝ የለም። ባሕር ዛፍ ልትከልበት? ከብት ላደልብበት? ልጄን ልዳርበት? ግራ ሲገባኝ ሸጥኩት።»

ዛሬ ልናገር የመጣሁት ያቺ «መቼ» ስላስጨነቀችኝ ነው። ስለ ከተማ መስፋፋት ስናወራ ብዙ ጊዜ ክርክራችን «ይስፋ ወይስ አይስፋ» ነው። ሕዝቡ ከጨመረ ከተማው ይሰፋል፤ ከልካይ የለውም። ሰውን የሚጎዳው የት ድረስና መቼ እንደሚሰፋ አለመታወቁ ነው። አርሶ አደሩ የሚዘራውን አያውቅም። ወጣቱ ቤት የት እንደሚሠራ አያውቅም። ውሃና ፍሳሽ ቧንቧውን የት ድረስ እንደሚዘረጋ አያውቅም። ሁሉም እየገመተ ይኖራል፤ ከግምቱ የሚያተርፈው ደላላ ብቻ ነው።

የከተማ ዕድገት ወሰን የሚባለው አሠራር ለዚህ የታሰበ ነው። ነገሩ ከባድ አይደለም። እናቶቻችን የደንብ ልብስ ሲያሰፉልን ምን ይሉ ነበር? «ያድግበታል።» ልኩን አያሰፉም፣ በዓመቱ ይጠባል። በጣም አያሰፉትም፣ መሬት ይጎትታል። ጠርዙን አጥፈው ያሰፉትና በየዓመቱ ቁመታችንን እያዩ ይለቁታል። የዕድገት ወሰንም እንደዚሁ ነው። ለሚቀጥሉት 20 ዓመታት የሚያስፈልገውን የቤትና የሥራ ቦታ አስልተህ መስመር ታሰምራለህ፤ ከመስመሩ ውስጥ ይገነባል፣ ከመስመሩ ውጭ ይታረሳል። ከዚያ በተወሰነ ጊዜ ተመልሰህ ትለካለህ።

በዚህ የታወቀችው በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት ያለችው ፖርትላንድ ናት። ባለፈው ክረምት እዚያ የምትኖር የክፍል ጓደኛችንን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ስለዚህ ጉዳይ ስነዘንዛት በመኪና ወሰኑ ድረስ ወሰደችኝ። በመንገዱ በአንድ በኩል ቤቶች ተደርድረዋል፣ ማዶው እርሻ ነው። አጥር የለም፣ ዘብ የለም። «ይኸው፣ ይሄ ነው» አለችኝ። ለማየት የሚያጓጓ ነገር የለውም። እኔ ግን ማዶ ትራክተር ላይ የነበረውን ሰውዬ አይቼ ያስታወስኩት የእኔን ዘበኛ ነው።

የኦሪገን ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። የፖርትላንድ አካባቢ ወሰን የተሰመረው በ1979። ሦስት ነገር ወደድኩለት። አንደኛ፣ ወሰኑ 24 ከተሞችን አንድ ላይ የያዘ ነው፤ የሚያስተዳድረውም ሜትሮ የሚባል፣ ሕዝብ በቀጥታ የሚመርጠው የአካባቢ ምክር ቤት ነው። አንዱ ከተማ ሌላው ላይ አይገፋም። ሁለተኛ፣ ለ20 ዓመት የሚበቃ የመኖሪያ መሬት በወሰኑ ውስጥ መኖሩን ምክር ቤቱ በየስድስት ዓመቱ ቆጥሮ የማረጋገጥ ግዴታ አለበት፤ ለሥራ የሚሆነውም መሬት አብሮ ይታያል። ሦስተኛ፣ ከወሰኑ ውጭ ያለው መሬት ራሱ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «ከተማው ወደፊት ሲሰፋ ወደዚህ ይመጣል» የተባለ፣ ሌላው እስከ 50 ዓመት ድረስ ለእርሻ የተጠበቀ። ገበሬው በየትኛው ውስጥ እንዳለ ያውቃል። ባሕር ዛፍ ይትከል አይትከል ራሱ ይወስናል።

ሥራው እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። መድኃኒት ሁሉ የጎንዮሽ ጉዳት አለው፤ ይህም አለው። እ.ኤ.አ. በ2002 ወሰኑን ሲያሰፉ ደማስቆስ የሚባል ገጠራማ አካባቢ አስገቡ። ነዋሪዎቹ በ2004 ከተማ ሆነው ተቋቋሙ። ግን በፕላኑ ላይ መስማማት አቃታቸው፣ የቀረበላቸውን ፕላን ደጋግመው በድምፅ ጣሉት፤ በ2016 ጭራሽ ከተማነታችን ይፍረስ ብለው ድምፅ ሰጡ። መስመር ማስመር ብቻውን ቤት አይሠራም። መንገድ፣ ውሃ፣ ፍሳሽ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የነዋሪው ስምምነት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ጉዳት የቤት ዋጋ ነው። በውስጥ በኩል በቂ ቤት ካልተሠራ መስመሩ ማነቂያ ይሆናል። ኦሪገን ይህንን አይታ በ2019 ሌላ ሕግ ጨመረች፤ ከ10 ሺህ ሕዝብ በላይ ባላቸው ከተሞች አንድ ቤት ብቻ ይፈቀድበት በነበረ ቦታ ላይ ሁለት አባወራ የሚይዝ ቤት እንዲሠራ፣ በትልልቆቹ ከተሞች ደግሞ እስከ አራት አባወራ። ማለትም ወደ ውጭ መስፋት ከከለከልክ ወደ ውስጥ መፍቀድ አለብህ። ሁለቱን በአንድ ላይ መከልከል የትንፋሽ ቧንቧ መዝጋት ነው።

እዚህ ላይ ከመምህሮቻችን አንዱ «ይህ ለሀብታም አገር ነው፤ የእኛ ከተሞች በፍጥነት ያድጋሉ» ሊሉኝ ይችላሉ። ትክክል ናቸው። ሽሎሞ ኤንጀል የተባሉት የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሚከራከሩትም ይህንኑ ነው፦ በፍጥነት የሚያድግን ከተማ በመስመር አፍናለሁ አትበል፤ አስቀድመህ ቦታ አዘጋጅለት። ሐሳቡ ወረቀት ላይ አልቀረም። በዩኒቨርሲቲውና በእኛ መንግሥት ትብብር በአዳማ፣ በባሕር ዳር፣ በሐዋሳና በመቀሌ ተጀምሯል። አሠራሩ ከተማው ገና ሳይደርስ ዋና ዋና መንገዶችን፣ ወርዳቸው እስከ 30 ሜትር፣ አንዱን ከሌላው በአንድ ኪሎ ሜትር ርቀት፣ መሬት ላይ ማስመር ነው። ቤቱ በኋላ ይመጣል፤ መንገዱና የቧንቧው መስመር ግን ቦታው ተይዟል።

እኔ ሁለቱን ሐሳቦች እንደ ጠላት አላያቸውም። አንዱ የጠርዙን ጨርቅ ይተዋል፣ ሌላው ስንት ጣት ይለቀቅ ብሎ ይለካል። ሁለቱም ለዚያ ሰውዬ «መቼ» ብለው መልስ ይሰጡታል።

ልኬቱን እኛም ልንሠራው እንችላለን። የመድኃኒት መጠን ከማስላት አይከብድም። 200 ሺህ ሕዝብ ያለበት ከተማ እንውሰድ። በዓመት 5 በመቶ ቢያድግ በ20 ዓመት ወደ 530 ሺህ ይደርሳል። 330 ሺህ አዲስ ሰው ማለት ነው። በአንድ ቤት አራት ሰው ብንል 82 ሺህ 500 ቤት። ከሰዎቹ 40 በመቶው ሥራ ቢፈልጉ 132 ሺህ የሥራ ቦታ። አሁን መሬቱን እንይ። በሄክታር 100 ሰው ብናሰፍር 3,300 ሄክታር፤ 200 ሰው ብናሰፍር 1,650 ሄክታር። ልዩነቱን በሰው እንቁጠረው፦ አንድ አርሶ አደር አንድ ሄክታር ቢኖረው፣ 1,650 ቤተሰብ መሬቱ ላይ ይቀራል ወይም ዘበኛ ይሆናል። ይህን የሚወስነው ቤቶቹን ጠጋ አድርገን፣ አንድ ሁለት ፎቅ ጨምረን መሥራታችን ነው።

ስለ ሥራው ደግሞ አሁን ከምኖርበት ከሐዋሳ ልናገር። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀው በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ነው። እስከ 60 ሺህ ሠራተኛ ይይዛል ተብሎ የታቀደ ነው። ከተማው በምዕራብ በኩል ሐይቅ ነው፤ በዚያ በኩል ውሃው ራሱ ወሰን ሆኗል። ከፋብሪካዎቹ የሚወጣው ውሃ ወደ ሐይቁ እንዳይገባ ተብሎ ዘመናዊ ማጣሪያ ተሠራ። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ሥራ ፍለጋ ከገጠር የምትመጣው ልጅ የት ታድራለች የሚለው ግን በአብዛኛው ለሰፈሩ አከራይ ተተወ።

ውጤቱን እኛ ሐኪሞች እናየዋለን። የ20 ዓመት ልጅ ሳል ይዟት ትመጣለች፤ ቲቢ ነው። «ማን ጋር ነው የምትኖሪው?» ስትላት «ከአምስት ልጆች ጋር» ትላለች። አንድ ክፍል፣ ሁለት ፍራሽ፣ በፈረቃ የሚተኛበት። አምስቱንም ጠርተህ መመርመር አለብህ። ሌላዋ ደግሞ ከማታ ፈረቃ በጨለማ በእግሯ ስትመለስ የደረሰባትን ለመናገር ሦስት ቀጠሮ ይፈጅባታል። እነዚህን በሽታዎች በመድኃኒት ብቻ አላድናቸውም። አንዳንዱ ማዘዣ ላይ መጻፍ የነበረበት «ከሥራዋ በእግር 20 ደቂቃ የሚወስድ፣ መስኮት ያለው ክፍል» ነው። ለሥራ የሚሆን መሬት ስትከልል በዚያው ወረቀት ላይ የመኝታውን ካልከለልክ ግማሹን ነው ያቀድከው።

የመለካቱ ነገርም እዚያው ታይቷል። በ2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከአጎዋ ስትወጣ የፓርኩ ሥራ ተቀዛቀዘ፣ ከሥራ የወጡ ልጆች ወደ ገጠር ተመለሱ። የ20 ዓመት ግምት ይሳሳታል፤ ወደ ላይም ወደ ታችም። ስለዚህ ነው በየጊዜው መለካት የሚያስፈልገው። የሕፃናት የዕድገት መከታተያ ካርድ ላይ አንድ ነጥብ ብቻ አይደረግም። ሕፃኑን አንድ ጊዜ መዝነን «እስከ አምስት ዓመቱ ደኅና ነው» አንልም።

አሁን ከባዱን ነገር ልናገር። በእኛ አገር ወሰን የሚለው ቃል ቀላል ቃል አይደለም። የአዲስ አበባና በዙሪያው ያለው የኦሮሚያ ልዩ ዞን የተቀናጀ ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. ተቃውሞ ገጠመው፤ በ2008 ተሰረዘ። በመካከሉ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። የብዙ ወላጆች ልጆች፣ ተማሪዎች ጭምር። ያንን እንደ ቴክኒክ ስህተት ብቻ ማውራት ነውር ነው። እኔ የተማርኩበት ነገር፣ መስመሩ የቱንም ያህል በጥሩ ኮምፒውተር ቢሰመር፣ መስመሩ የሚያልፍበት ሰው አብሮ ካላሰመረው፣ ለእሱ ዕቅድ ሳይሆን ማስፈራሪያ መሆኑን ነው።

ካሳውም ቢሆን መሻሻሉን መካድ አይገባም። በ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 455 በቋሚነት መሬቱ የሚወሰድበት አርሶ አደር የሚያገኘው የዓመት አማካይ ገቢውን አሥር እጥፍ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ወደ 15 እጥፍ አድጓል፤ ተነሺዎችን ስለማቋቋምም ይናገራል። ግን 15 እጥፍም ቢሆን ድንገት በአንድ ቀን ሲመጣ እንደ ዝናብ ጎርፍ ነው፤ ይሄዳል። ያው ገንዘብ «ከስምንት ዓመት በኋላ ይመጣል» ተብሎ ቢታወቅ፣ ልጁ ሙያ ይማርበታል፣ ሰውየውም ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ሐኪሞች ታውቃላችሁ፤ በቀጠሮ የሚደረግ ቀዶ ጥገናና ሌሊት በድንገተኛ የሚደረገው፣ ያው ቀዶ ጥገና ሆኖ የሚሞተው ሰው ቁጥር እኩል አይደለም።

ታዲያ ይህን ሁሉ እዚህ ለምን አወራዋለሁ? ነገ ጠዋት ጠቅላላ ጉባኤ ስላለን ነው። አጀንዳውን አይታችሁታል፤ አራተኛው «የአባላት የመኖሪያ ቤት ማኅበር ስለማቋቋም» ይላል። ከከተማው ዳር መሬት እንጠይቃለን ማለት ነው። እኔም ተመዝግቤያለሁ፤ የተመዝጋቢው ዝርዝር ላይ ስሜ አለ። ቤት መፈለጋችን ነውር አይደለም፤ 20 ዓመት ሠርቶ በኪራይ የሚኖር መምህርና ሐኪም እዚህ ሞልቷል። ይህ የተማርንበት ግቢም በአንድ ወቅት የሚታረስ መሬት ነበር።

ግን ከመፈረማችን በፊት ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ እላለሁ።

አንደኛ፣ የምንጠይቀው መሬት በከተማው ፕላን ወሰን ውስጥ ነው ወይስ ውጭ? የእኛ ከተሞች መዋቅራዊ ፕላን አብዛኛውን ጊዜ የ10 ዓመት ነው፤ ካርታው አለ። ውጭ ከሆነ አንውሰደው። የተማረው ሰው ቀድሞ ወሰን ከዘለለ ጨረቃ ቤት የሚሠራውን ምስኪን በምን አፋችን እንወቅሰዋለን?

ሁለተኛ፣ ግቢ ከነአጥሩ ነው የምንፈልገው ወይስ ፎቅ? በ200 ካሬ አንድ ቤተሰብ ከምንሆን አራት ሆነን ብንወጣ፣ የሌሎቹን የሦስቱን ያህል መሬት ለባለቤቱ እንተዋለን። ኢንጂነሮቻችን ይሥሩልን፣ እኛም ደረጃ እንውጣ። ለልብም ጥሩ ነው።

ሦስተኛ፣ መሬቱ ላይ ያለው ሰው ያውቃል? ሄደን አይተነዋል? መቼ እንደሚነሳ፣ ስንት እንደሚያገኝ፣ ልጆቹ ምን እንደሚሠሩ የነገረው አለ? ከሌለ የእኛ ማኅበር የሕግ ምሩቅ አለው፣ የግብርና ምሩቅ አለው፣ ነርስና ሐኪም አለው። ሄደን መንገር እንችላለን።

ለመምህሮቻችን ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ጠፋ ብለው ለሚያስቸግሯችሁ ተማሪዎች ይህንን ስጧቸው። የዚህን ከተማ የ20 ዓመት የቤትና የሥራ ፍላጎት ያስሉ፤ በየስድስት ዓመቱ ሌላው ባች ደግሞ ይለካው። ውጤቱም መደርደሪያ ላይ አይቅር፤ በቀበሌ ግድግዳ ላይ፣ ገበሬው በሚያነበው ቋንቋ ይለጠፍ።

ያ ሰውዬ ምን ሆኑ ብላችሁ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። ግፊታቸው በሁለት መድኃኒት ወረደ። በመጨረሻው ቀጠሮ ስለዚያ 200 ካሬ ይቅርታ ልጠይቃቸው ሞከርኩ። አላስጨረሱኝም። «አንቺ ባትገዢው ሌላ ይገዛው ነበር» አሉኝ። እኔን ሊያጽናኑ ነው ያሉት። እውነትም ነው። ግን ይህ «ሌላ» የተባለው ሰው ሁልጊዜ ከእኛ መካከል የወጣ ሰው ነው፤ ያልጸናናሁትም ለዚህ ነው። ነገ አራተኛው አጀንዳ ላይ ስንደርስ እጄን አወጣለሁ። አብራችሁኝ ብታወጡ ደስ ይለኛል።

 ሻይ ሰዓት ላይ የግፊት መለኪያዬን ይዤ ከበሩ አጠገብ እቀመጣለሁ፤ ከአርባ በላይ የሆነ ሁሉ ሳይለካ እንዳያልፍ።